ዛጎል የጥንቱን የባሕር ጠለል እንዴት ይናገራል?

በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ ከዳርቻው ራቅ ብሎ፣ የአትላንቲክ ውቅያኖስ ወለል ላይ ኦይስተር የሚባለው ባለ ሁለት ክዳን የውኃ እንስሳ ዛጎል ይገኛል። ሜሪል፣ ኤመሪና ሩቢን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጡት ጥናት ዛጎሉ በ71 ቦታዎች መገኘቱን ገለጹ። ጥልቀቱ ከ14 እስከ 82 ሜትር ይደርሳል። ዓይነቱ እንግዳ አይደለም። ዛሬ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ምግብ ቤቶች ከነቅርፊቱ በረዶ ላይ ተደርድሮ የሚቀርበው ያው ኦይስተር ነው።

የሚገርመው ግን ይህ ኦይስተር እንዲህ ባለ ቦታ የማይኖር መሆኑ ነው። ክፍት ውቅያኖስ አይስማማውም። የሚወደው የወንዝና የባሕር ውኃ የሚቀላቀሉበትን፣ ጨዉ ለዘብ ያለ፣ ጥልቀት የሌለው ውኃ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሜትር በታች አይወርድም። ታዲያ 82 ሜትር ድረስ ማን ወሰደው?

ማንም አልወሰደውም። ዛጎሎቹ ሬዲዮካርበን በሚባለው የዕድሜ መለኪያ ዘዴ ሲለኩ ከ8 ሺህ እስከ 11 ሺህ ዓመት ዕድሜ ያላቸው ሆነው ተገኙ። በዚያ ዘመን ቦታው ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት ዳርቻ ነበር። ኦይስተሮቹ ከቤታቸው ንቅንቅ አላሉም። ባሕሩ ነው እየጨመረ መጥቶ በላያቸው ያለፈው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ጥናት ወጣ። ዓሣ አጥማጆች ከዚሁ የባሕር ወለል፣ ቢያንስ ከ40 ቦታዎች፣ የማሞትና የማስቶዶን ጥርስ በመረባቸው አውጥተው ነበር። ሁለቱም ጠፍተው የቀሩ የዝሆን ዘመዶች ናቸው። አንዳንዱ ጥርስ የወጣው ከ120 ሜትር ጥልቀት ነው። ዛሬ መርከብ የሚሄድበት ቦታ ያኔ የዝሆን ግጦሽ ነበር ማለት ነው።

እንዲህ ሲነገር ሥራው ቀላል ይመስላል። ዛጎል ማግኘት፣ ዕድሜውን መለካት፣ ጥልቀቱን መጻፍ፣ ከዚያ «ባሕሩ እዚህ ነበር» ማለት። እንደዚያ ግን አይደለም። ዛጎል ብቻውን ምንም አይናገርም። እንስሳው በሕይወት ሳለ ከውኃው የላይ ገጽ በምን ያህል ርቀት ይኖር እንደነበር መታወቅ አለበት። የሞተው በተገኘበት ቦታ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ከዚያ ወዲህ መሬቱ ራሱ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ እንደሆነም መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። እኔ ግን ከሁሉም አስደናቂው እሱ ይመስለኛል።

ወንዙ ከባሕሩ የሚገናኝበት ቦታ

ኦይስተር ሞለስክ ከሚባሉት እንስሳት ወገን ነው። ቀንድ አውጣ፣ ክላምና መስል የሚባሉት ባለ ሁለት ክዳን የውኃ እንስሳት ሁሉ የዚሁ ወገን ናቸው። አካላቸው ለስላሳ ነው። ቅርፊታቸውን ከውኃው በሚያገኙት ካልሲየምና ካርበን ራሳቸው ይገነቡታል። ሥጋው ቶሎ ይበሰብሳል። ቅርፊቱ ግን ደለል ከሸፈነው ሺህ ዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ለዚህ ጥናት የወንዝ አፍ ተመራጭ የሆነው በከንቱ አይደለም። ክፍት የባሕር ዳርቻ ላይ ማዕበሉ ያለውን ሁሉ ይፈጫል፤ ዛጎሉም ተሰባብሮ አሸዋ ይሆናል። የወንዝ አፍ ግን ጸጥ ይላል። ወንዙ ያመጣው ጭቃ በየዓመቱ ይከመራል። የሞተው እንስሳ ቶሎ ይቀበራል። ተመራማሪ ረጅም ቱቦ ወደ ጭቃው ሰድዶ ሲያወጣ ከላይ የዛሬው፣ ከታች የጥንቱ በቅደም ተከተል ተደርድሮ ያገኘዋል።

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያለው የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከ21 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት የሰሜን አሜሪካን ሰሜናዊ ክፍል ግዙፍ የበረዶ ግግር ሸፍኖት ነበር። ብዙ የዓለም ውኃ በበረዶ መልክ የብስ ላይ ስለተያዘ ውቅያኖሱ ከዛሬው በ120 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ነበር። በዚያን ጊዜ ቼሳፒክ የሚባል ባሕረ ሰላጤ የለም። የነበረው ሸለቆ ነው። ሳስኩዌሃና የሚባለው ወንዝ በሸለቆው አልፎ፣ ዛሬ ውቅያኖስ በሆነው ሜዳ ላይ ገና ብዙ ተጉዞ ነበር ባሕር የሚገባው።

በረዶው ሲቀልጥ ባሕሩ ሸለቆውን ተከትሎ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ከ10 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት የዛሬው ባሕረ ሰላጤ አፍ ላይ ደረሰ። ከ3 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት ደግሞ ባሕረ ሰላጤው የዛሬ ቅርጹን ያዘ። አሁን ርዝመቱ 300 ኪሎ ሜትር ያልፋል። አማካይ ጥልቀቱ ግን ከ6 ሜትር ብዙም አይበልጥም። መሐሉ ላይ እየተጠማዘዘ የሚሄድ፣ አንዳንድ ቦታ ከ50 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ቦይ አለ። የድሮው ሳስኩዌሃና መንገድ ነው።

ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖሩ ወገኖች ፖቶማክን ታውቁታላችሁ። እሱም የዚሁ በባሕር የተዋጠ ሸለቆ አንዱ ቅርንጫፍ ነው። ጆርጅታውን ላይ ሲያዩት ተራ ወንዝ ይመስላል። ግን በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። ከአትላንቲክ የሚመጣው የባሕር ሙላትና ጉድለት እስከዚያ ድረስ ይዘልቃል።

እያንዳንዱ የራሱ ቦታ አለው

በወንዝ አፍ ውስጥ ውኃው ከቦታ ቦታ ይለያያል። ላይኛው ጫፍ ጨው የለውም ማለት ይቻላል። ወደ ውቅያኖሱ በቀረቡ ቁጥር ጨዉ ይጨምራል። ሞለስኮች ደግሞ በዚህ ረገድ መራጮች ናቸው። ራንጂያ የሚባለው ክላም የሚኖረው ጨዉ በጣም ባነሰበት ነው። ኦይስተር መካከለኛውን ይወዳል። ሜርሴናሪያ የሚባለው ጠንካራ ክላም ጨዉ ወፈር ወዳለበት ወደ አፉ ይጠጋል። ስለዚህ በአንድ የጭቃ ናሙና ከታች ራንጂያ፣ ከሱ በላይ ኦይስተር፣ ከሁሉም በላይ ሜርሴናሪያ ከተገኘ፣ ባሕሩ ወደ የብስ እየገፋ መምጣቱን መጠርጠር ይቻላል።

ከጨዉ ይልቅ በቀጥታ ስለ ከፍታ የሚናገሩም አሉ። በጠረፉ ረግረግ ውስጥ ሜላምፐስ የምትባል ትንሽ ቀንድ አውጣ ትኖራለች። መጠኗም ቅርጿም መልኳም ቁርጥ የቡና ፍሬ ነው። የምትተነፍሰው አየር ነው፤ ውኃ ውስጥ ብዙ ቆይታ አትችልም። የምትኖረው በረግረጉ ላይኛው ክፍል፣ ባሕሩ በጣም ሲሞላ ብቻ በሚደርስበት ቦታ ነው። ነገር ግን ከባሕሩ ጨርሳ መለየትም አትችልም። እንቁላሏ የሚፈለፈለው ትልቁ ሙላት ሲደርስ ጠብቆ ነው፤ ጫጩቶቿም መጀመሪያ ውኃ ውስጥ መዋኘት አለባቸው። በነዚህ ሁለት ግዴታዎች መሐል ተወጥራ ስለምትኖር የተፈቀደላት የከፍታ ክልል ጠባብ ነው። ለተመራማሪ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። በቦታዋ የሞተች አንዲት ሜላምፐስ ከተገኘች የዚያ ዘመን የሙላት መስመር ከአጠገቧ እንደነበር ማወቅ ይቻላል።

ችግሩ የረግረግ አፈር አሲድ አለው። ስስ ቅርፊት ያሟሟል። ስለዚህ በጣም የሚፈለጉት ዛጎሎች ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚጠፉት ናቸው። በዚህ ምክንያት ተመራማሪዎች ከሞለስክ ጎን ለጎን በዓይን የማይታዩ ፎራሚኒፌራና ዳያተም የሚባሉ ጥቃቅን ፍጥረታትንም ይጠቀማሉ።

ከረግረጉ ዝቅ ሲባል በሣሩ ሥር ተጣብቆ የሚኖረው መስል ይመጣል። ከሱ በታች ኦይስተሩ። ኦይስተር ልጅ ሳለ ለሁለትና ሦስት ሳምንት ይዋኛል። ከዚያ ጠንካራ ነገር ፈልጎ፣ በተለይ የሌላ ኦይስተር ቅርፊት ላይ፣ ራሱን ይለጥፋል። ከተለጠፈ በኋላ እስኪሞት አይነቃነቅም። ትውልድ በትውልድ ላይ እየተለጠፈ ትልቅ ክምር ይሠራል። ለዚህ ነው ኦይስተር ስለ ቦታው ሲጠየቅ የሚታመነው።

የሞተው እዚህ ነው ወይስ ተወስዶ?

ዛጎል ይጓዛል። ማዕበል ይወስደዋል፣ ጎርፍ ያንከባልለዋል፣ ወፍ አንስታ ድንጋይ ላይ ትጥለዋለች። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው አቀማመጡ ነው።

ማያ አሬናሪያ የሚባለው ለስላሳ ክላም እዚህ ላይ ትልቅ ውለታ ይውላል። አዋቂው ጭቃ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጠልቆ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ረጅም ቱቦውን ወደ ላይ ዘርግቶ ውኃ ይስባል፤ ምግቡን ከዚያ ውኃ አጣርቶ ያገኛል። ሲሞት እዚያው ይቀራል። ጭቃው ስለሚይዛቸው ሁለቱ ክዳኖች እንደተገጠሙ ይቆያሉ። ተመራማሪ የጭቃውን ግድግዳ ሲጠርብ እንዲህ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ ክዳናቸው የተዘጋ ክላሞች ካገኘ ማንም እንዳላመጣቸው ያውቃል።

በተቃራኒው ክዳኖቹ ተለያይተው፣ ጠርዛቸው ተሸርሽሮ፣ ሆዳቸውን ወደ ታች ደፍተው የተበተኑ ዛጎሎች ካገኘ ጅረት እንዳጋደማቸው ይጠረጥራል። የሚፈስ ውኃ ዛጎልን የሚያስተኛው እንደዚያ ነው።

የቅርፊቱ ውስጥም ይነበባል። የኦይስተር ቅርፊት ከውስጥ ነጭና ልሙጥ ነው። ሥጋው የተያያዘበት ቦታ ላይ ወይን ጠጅ ጠባሳ አለ። በዚህ ልሙጥ ገጽ ላይ ሌሎች የባሕር ፍጥረታት ተለጥፈው ወይም ስፖንጅ በስቶት ከተገኘ ትርጉሙ ግልጽ ነው። በሕይወት ሳለ ማንም በሥጋውና በቅርፊቱ መሐል መግባት አይችልም። ስለዚህ ከሞተ በኋላ ተከፍቶ ብዙ ጊዜ የባሕር ወለል ላይ ተጋድሞ ነበር። ውጪው ላይ የተለጠፈ ግን በሕይወት ሳለም ሊሆን ስለሚችል ብዙ አይፈረድበትም።

ሌላው ሰው ነው። የቼሳፒክ ነባር ሕዝቦች ለሺህ ዓመታት ኦይስተር ሲበሉ ኖረዋል። ቅርፊቱን ይጥሉበት የነበረው ቦታ ዛሬ ኮረብታ ያህል ሆኖ ይገኛል። በሜሪላንድ ፖቶማክ ዳር ያለው የፖፕስ ክሪክ ክምር በዚህ የታወቀ ነው። ይህን የጥንት የባሕር ዳርቻ ነው ብሎ የወሰደ ሰው ባሕሩን ያለቦታው ከፍ ያደርገዋል። ልዩነቱ ግን ይታወቃል። ሰው የሚበላው ትልልቁን መርጦ ነው፤ ተፈጥሮ የሠራው ክምር ውስጥ ግን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ አለ። በሰው ክምር ውስጥ ከሰልና አመድ፣ የሸክላ ስባሪም ይገኛል።

ማያን ሳመሰግን አንድ ነገር ልጨምር። ጭቃ ቆፍሮ የሚኖር እንስሳ ከከበበው ጭቃ በዕድሜ ያንሳል። 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለው ጭቃ የዛሬ ብዙ መቶ ዓመት የተከመረ ሊሆን ይችላል፤ ክላሙ ግን ትናንት ነው የገባበት። የክላሙን ዕድሜ ለጭቃው መስጠት የተለመደ ስሕተት ነው።

ዕድሜውን መለካት

ዋናው መንገድ ሬዲዮካርበን ነው። እንስሳው ቅርፊቱን ሲሠራ ከውኃው ካርበን ይወስዳል። ከካርበኑ ጥቂቱ ሬዲዮአክቲቭ ነው፤ በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። የቀረውን መጠን በመለካት ዕድሜ ይሰላል። እስከ 50 ሺህ ዓመት ገደማ ይሠራል።

ለባሕር ዛጎል ግን ይህ ሰዓት ከመነሻው የተዛባ ነው። የውቅያኖስ ጥልቅ ውኃ ከአየር ጋር ሳይገናኝ ለረጅም ዘመን ስለሚቆይ ካርበኑ ያረጀ ነው። ከባሕር ዛሬ የወጣ ክላም እንኳ በአማካይ 400 ዓመት ገደማ ያረጀ ሊመስል ይችላል። የወንዝ አፍ ሲሆን ይባስ ይወሳሰባል። ወንዙ የኖራ ድንጋይ ባለበት አገር አቋርጦ ከመጣ ሬዲዮካርበን ጨርሶ የሌለበት ጥንታዊ ካርበን ይዞ ይመጣል። ይህ ከወንዝ ወንዝ፣ አንዳንዴም በአንዱ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ከላይኛው ጫፍ እስከ አፉ ይለያያል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው በአየር ውስጥ ያለውን ሬዲዮካርበን ካበዛው እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ የኑክሌር ሙከራ በፊት በሕይወት ተለቅመው፣ የተለቀሙበት ዓመት ተጽፎባቸው በሙዚየም የተቀመጡ ዛጎሎችን መለካት ነው። የተዛባው ምን ያህል እንደሆነ እነሱ ያሳያሉ። ሁለተኛው ከዛጎሉ ጋር በአንድ ንብርብር የተገኘ ቅጠል ወይም እንጨት ካለ እሱንም ለክቶ ማነጻጸር ነው። ቅጠል ካርበኑን ከአየር ስለሚወስድ ይህ ችግር የለበትም።

የዛጎሉ ጤንነትም ይመረመራል። የክላም ቅርፊት የሚሠራው አራጎናይት ከሚባል ማዕድን ነው። ከተቀበረ በኋላ ወደ ካልሳይት ከተለወጠ አዲስ ካርበን ገብቶበት ይሆናል። በኤክስሬይ ታይቶ የተለወጠው ይጣላል። ጤነኛው ደግሞ ውጪው በአሲድ ታጥቦ ይለካል።

ከ50 ሺህ ዓመት በላይ ለሆነው ሌላ ዘዴ አለ። በቅርፊቱ ውስጥ የቀሩት አሚኖ አሲዶች እንስሳው ከሞተ በኋላ ቀስ እያሉ ቅርጻቸውን ይገለብጣሉ። በቨርጂኒያና በካሮላይና ጠረፍ የሚገኙ የሜርሴናሪያ ዛጎሎች በዚህ መንገድ ብዙ ተጠንተዋል። ፍጥነቱ ግን በሙቀት ስለሚወሰን ቁርጥ ያለ ዓመት ከመስጠት ይልቅ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም ለመለየት ይበልጥ ያገለግላል።

ወለልና ጣሪያ

አሁን እንበልና አንድ ኦይስተር በቦታው እንደተለጠፈ ከዛሬው የባሕር ጠለል 20 ሜትር በታች ተገኘ። ዕድሜውም ተለካ። በሕይወት ሳለ ከውኃው የላይ ገጽ ጀምሮ እስከ 10 ሜትር ጥልቀት ድረስ የትም ሊኖር ይችል ነበር። ስለዚህ የዚያ ዘመን ባሕር ከዛሬው ከ10 እስከ 20 ሜትር ዝቅ ያለ ነበር። የ10 ሜትር ክልል ሰፊ ነው። እርግጠኛ የምንሆንበት ነገር ባሕሩ ከዛጎሉ በታች አለመሆኑ ነው። ኦይስተሩ ወለሉን ነግሮናል።

ጣሪያውን የሚነግረን ሌላ ነገር ነው። በአቅራቢያው በተመሳሳይ ዘመን የተከመረ፣ ጨው የማይነካው የንጹሕ ውኃ ረግረግ አፈር ተገኘ እንበል። ከዛሬው ጠለል 16 ሜትር በታች ነው። ያ አፈር በተከመረበት ጊዜ ባሕሩ አልደረሰበትም። ስለዚህ ባሕሩ ከ16 ሜትሩ በታች፣ ከ20 ሜትሩ ደግሞ በላይ ነበር። አሥሩ ሜትር ወደ አራት ወረደ። በዚያ ላይ በቦታዋ የሞተች አንዲት ሜላምፐስ ብትገኝ ክልሉ ወደ አንድ ሜትርና ከዚያም በታች ሊጠብ ይችላል። ሥራው በአመዛኙ ይህ ነው፤ ከላይና ከታች እየገፉ ማጥበብ።

ጭቃው ራሱም ያታልላል። በላዩ ሲከመርበት ይጨመቃል፤ ውስጡ ያለው ዛጎል አብሮት ይወርዳል። ዛሬ 15 ሜትር ላይ የተገኘው ሲቀበር ከዚያ ከፍ ብሎ ነበር ማለት ነው። ለዚህ ነው በጠንካራ መሬት ላይ በቀጥታ ያረፈው የመጀመሪያው ንብርብር የሚመረጠው፤ ከሥሩ የሚጨመቅ ነገር የለም።

ጨዉን በተመለከተ ደግሞ የሰሜን አውሮፓውን ባልቲክን ማንሳት ግድ ነው። የባልቲክ ባሕር ታሪክ ምዕራፎች የተሰየሙት በሞለስክ ስም ነው። ዮልዲያ ባሕር፣ አንሲለስ ሐይቅ፣ ሊቶሪና ባሕር፣ ማያ ባሕር። አንሲለስ የንጹሕ ውኃ ቀንድ አውጣ ነው። ሊቶሪና የጨው ውኃ ነው። ከ10 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት ባልቲክ ከውቅያኖስ ተቆርጦ ሐይቅ ሆኖ ነበር። ሐይቁ ሞልቶ አንዳንድ ዳርቻዎችን አጥለቅልቋል። ዛጎሉ የንጹሕ ውኃ ዓይነት ባይሆን ኖሮ ያንን ሙላት የውቅያኖስ መጨመር አድርገን እንቆጥረው ነበር። ሊቶሪና የታየው በኋላ፣ ጨው ውኃው በዴንማርክ በኩል ሲገባ ነው። ማያ ደግሞ ከሰሜን አሜሪካ የመጣ ነው። በዴንማርክ የተገኙ ዛጎሎቹ ተለክተው የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሆነው መገኘታቸው እ.ኤ.አ. በ1992 ሲገለጽ ብዙ አነጋገረ፤ ከኮሎምበስ በፊት ነውና። ቫይኪንጎች አምጥተውት ይሆናል የሚለው ግምት ከዚያ የመጣ ነው።

በወንዝ አፍ ግን የጨው ለውጥ ሁሉ የባሕር ጠለል ለውጥ አይደለም። ለዓመታት ድርቅ ከሆነ ወንዙ ይደክማል፤ ጨዉ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሜርሴናሪያም ይከተለዋል። ባሕሩ ግን ባለበት ነው።

መሬቱ ሲንቀሳቀስ

የበረዶ ግግሩ ኪሎ ሜትሮች ውፍረት ነበረው። ክብደቱ ከሥሩ ያለውን መሬት ወደ ታች ተጫነው። ከመሬቱ ሥር ያለው ትኩስ አለት ቀስ እያለ ወደ ጎን ሸሸና ከግግሩ ጠርዝ ወዲያ ያለውን አገር ከፍ አደረገው። በረዶው ሲቀልጥ ሁሉም ወደ ቦታው መመለስ ጀመረ። እስከ ዛሬ አልጨረሰም።

ስዊድን ከግግሩ ሥር ነበረች፤ አሁን ትነሣለች። ሆጋ ኩስተን በሚባለው ጠረፍ የጥንቱ የባሕር ዳርቻ ዛሬ ከባሕር ጠለል 285 ሜትር ገደማ በላይ ተራራ ላይ ይታያል። መሬቱ አሁንም በዓመት 8 ሚሊ ሜትር ያህል ይነሣል። ቼሳፒክ ግን ከግግሩ ጠርዝ ውጪ ስለነበረ ያኔ ከፍ ብሎ ነበር፤ አሁን ይሰምጣል። አንድ ዓይነት ዕድሜ ያላቸው ሁለት ዛጎሎች፣ አንዱ ስዊድን ተራራ ላይ፣ አንዱ ቼሳፒክ ጭቃ ሥር ቢገኙ አይጋጩም። ውቅያኖሱ አንድ ነው። የተለያየው መሬቱ ነው።

ከኛም አገር አለ። ዳናኪል ውስጥ፣ አሞሌ ከሚቆረጥበት የጨው ሜዳ ዙሪያ፣ የባሕር ዛጎልና የኮራል ድንጋይ ይገኛል። ከ100 ሺህ ዓመታት በላይ በፊት ቀይ ባሕር ወደዚያ ገብቶ ነበር። ኋላ መንገዱ ተዘጋና ውኃው ተንኖ ጨዉ ቀረ። ግን የኮራሎቹ ከፍታ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ አፋር መሬቱ የሚሰነጠቅበት፣ የሚሰምጥና የሚነሣበት አገር ነው። እዚያ የተገኘ ዛጎል ባሕር እንደነበረ በእርግጥ ይመሰክራል። የባሕሩን ከፍታ ግን ከሱ ብቻ ማንበብ አይቻልም።

ይህ ሁሉ ልፋት ለዛሬ ኑሮ ጥቅም አለው። ዋሽንግተን ላይ የውኃ ከፍታ መለኪያ የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። ከዚያ ወዲህ ውኃው በዓመት በአማካይ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ጨምሯል። ኖርፎክ ቨርጂኒያ ላይ ከ4 ተኩል ይበልጣል። ዋሽንግተን ውስጥ ታይዳል ቤዚን በሚባለው ኩሬ ዙሪያ የእግር መንገዱ ውኃ ሲሞላ እየተዋጠ ስላስቸገረ፣ ግድግዳውም ስለሰመጠ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 እንደገና መሥራት ተጀመረ። ለዚህም ከ100 በላይ የቼሪ ዛፎች ተቆርጠዋል።

መለኪያው ግን መሬቱ የሰመጠውን ከውኃው ጭማሪ አይለይም። ደግሞም የ100 ዓመት መረጃ ብቻ ነው ያለው። የሚለየው ከጭቃው የወጣው ረጅም መዝገብ ነው። ዛጎሎቹና የረግረግ አፈሮቹ እንደሚያሳዩት፣ በአሜሪካ መካከለኛው የአትላንቲክ ጠረፍ ፋብሪካ ሳይመጣ በፊት በነበሩት ጥቂት ሺህ ዓመታት ባሕሩ በዓመት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይጨምር ነበር። አብዛኛው የመሬቱ መስመጥ ነው፤ ማንም አያስቆመውም። ይህ ዛሬ ከሚለካው ላይ ይቀነሳል። ኖርፎክ አካባቢ የከርሰ ምድር ውኃ በብዛት ስለሚወጣ መሬቱ በዚያም ምክንያት ይወርዳል፤ እሱም ይቀነሳል። የቀረው የሙቀት መጨመር ያመጣው ነው፤ ውኃው ሲሞቅ መስፋቱ፣ በረዶው ሲቀልጥ ወደ ባሕር መግባቱና የውቅያኖስ ጅረቶች መለወጥ። ግድግዳውን ስንት ሜትር እናድርገው ለሚል መሐንዲስ ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልገዋል። መሬቱ ነገም እንደ ትናንቱ ይሰምጣል። የከርሰ ምድር ውኃውን ማውጣት መቀነስ ይቻላል። ሙቀቱ ያመጣው ድርሻ ግን እየፈጠነ ነው።